ለአዲስ ገቢ ጎልማሳ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚዘጋጀው መምሪያ፦ ሂሳዊ ግምገማ

ስለ ከፍተኛ ትምህርት ጥራት በተነሣ ቁጥር ንግግሩ የሚያጠነጥነው በሥርዓተ ትምህርቱ፣ በመምህራኑ ብቃትና በቤተ መጻሕፍቱ ይዞታ ላይ ነው። አዲስ ተማሪ ሲመዘገብ በእጁ የሚሰጠው መምሪያ ግን እንደ አንድ የማስተማሪያ ጽሑፍ ተቆጥሮ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። ይህም መምሪያው የአስተዳደር ክፍል ሥራ እንጂ የትምህርት ባለሙያ ጉዳይ አይደለም ከሚል ግምት የመነጨ ይመስላል። ይህ ጽሑፍ ግምቱን አይቀበልም። መምሪያው ዩኒቨርሲቲው ለተማሪው የሚሰጠው የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ስለሆነም ማናቸውም የመማሪያ መጽሐፍ በሚመዘንበት ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። ለማን ተጻፈ? አንባቢው አስቀድሞ ምን ያውቃል ተብሎ ታሰበ? ካነበበስ በኋላ ምን ማድረግ ይችላል? ምሳሌዎቹ በአመዛኙ የተወሰዱት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ነው። ይህም የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1978 ከተቋቋመ ጀምሮ አያሌ መምህራንን ሲቀበል የኖረ፣ ግቢዎቹም ለብዙ አንባብያን የታወቁ ስለሆኑ እንጂ ጉድለቱ የእርሱ ብቻ ስለሆነ አይደለም።

በቅድሚያ አንባቢው ይታወቅ። እዚህ የምንነጋገርበት ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣ ወጣት አይደለም። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያስተማረ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የአገልግሎት ውል ተፈራርሞ በክረምት ወይም በማታ መርሐ ግብር የሚማር መምህር ወይም ርእሰ መምህር ነው። አሜሪካዊው ማልኮልም ኖውልስ ስለ ጎልማሶች ትምህርት በጻፋቸው ሥራዎች ጎልማሳ ተማሪ ራሱን የሚመራ፣ የካበተ ልምድ ይዞ የሚመጣና ትምህርቱን ከዕለት ኑሮው ችግር ጋር አያይዞ የሚመለከት መሆኑን አጥብቆ አስገንዝቧል። ይህን ሐሳብ በክፍል ውስጥ የሚያስተምሩ ተቋማት ለራሳቸው ጎልማሳ ተማሪዎች የሚያድሉት መምሪያ ሐሳቡን ሰምቶ የማያውቅ መስሎ መታየቱ የሚያስገርም ነው።

የተለመደው መምሪያ በእንኳን ደኅና መጣችሁ መልእክት ይከፈትና ወደ ተቋሙ ታሪክ ያልፋል። በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሥራ እንደጀመረ፣ በ1954 ዓ.ም. በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዩኒቨርሲቲው እንደተመረቀ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ እንደሚገኝ ይተርካል። ታሪኩ የሚያኮራ ነው፤ መጻፉም አይጠላም። ነገር ግን ቦታ የተሰጠው ለማን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንባቢው የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል በሙዚየሙ ውስጥ ለጎብኚ ክፍት መሆኑን አውቆ፣ እርሱ ራሱ ከሥራ ወጥቶ ለማታው ትምህርት ሲደርስ ክፍት የሚሆንለት መጸዳጃ በየትኛው ሕንፃ እንዳለ ሳያውቅ ይቀራል።

የቦታው ነገር ራሱን የቻለ ችግር አለው። በከተማው የኖረ ሰው አራት ኪሎ ሲባል የሳይንሱን ግቢ፣ አምስት ኪሎ ሲባል የቴክኖሎጂውን፣ ስድስት ኪሎ ሲባል ዋናውን ግቢ ወዲያው ይረዳል፤ የሕክምናው ጥቁር አንበሳ፣ የእንስሳት ሕክምናው ደግሞ ከከተማው ውጭ ቢሾፍቱ እንደሆነም ያውቃል። ከወልዲያ ወይም ከነቀምት የሚመጣ መምህር ግን «በዋናው ግቢ ይመዝገቡ» የሚለው ቃል ምንም አይነግረውም። መምሪያው ካርታ ቢኖረው እንኳ ካርታው የሕንፃዎቹን ኦፊሴላዊ ስም ይይዛል፤ ጥበቃውና ታክሲው የሚያውቁት ስም ሌላ ነው። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ማስፈር የአንድ ገጽ ሥራ ነበር።

ይበልጥ የከፋው ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። አገራችን በሁለት የሰዓትና በሁለት የዘመን አቆጣጠር እንደምትሠራ የማያውቅ የለም፤ ሆኖም መርሐ ግብሮች በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፉ ሳይገልጹ ይታተማሉ። አዲሱ ተማሪ «2:00» የሚል ጽሑፍ ቢያነብ የጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ነው። በመካከሉ ስድስት ሰዓት አለ። ሁለቱም የሥራ ሰዓት ስለሆኑ ስሕተቱ በራሱ አይገለጥም፤ ሰው በሩ ተዘግቶ እስኪያገኘው ድረስ ትክክል የሆነ ይመስለዋል። «5:30» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የማታው ተማሪ 11:30 ብሎ ካልተረጎመው ከምሳ በፊት ይመጣል። በቀኑ በኩል ያለው ወጥመድ የበለጠ ስውር ነው። ኦክቶበር 1 በአብዛኛው መስከረም 21 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን መስከረም 20 ይሆናል። ባለፈው ዓመት የተመዘገበ ጓደኛውን ጠይቆ ቀኑን የያዘ መምህር በአንድ ቀን ሊያመልጠው ይችላል ማለት ነው። ይህ ተማሪ ምዝገባው ካለፈው በገንዘብ ቅጣት አይመለስ ይሆናል፤ የክረምት ተማሪ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለው ዕድል የሚመጣው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። መድረሻው በወር አንድ ጊዜ አውቶቡስ የማያገኝ ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ እንኳ ይህን ያህል አያስጠብቅም።

ታዲያ ወጣቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በዚሁ ዓይነት ጽሑፍ ለምን አይጠፋም? መልሱ ስለ መምሪያው ባሕርይ ብዙ የሚያስረዳ ነው። ወጣቱ መምሪያውን አያነብም። በመኝታ ክፍሉ አብረውት የሚያድሩ ጓደኞች አሉት፤ ሲኒየር የሚላቸው የቀደሙት ተማሪዎች የትኛው መስኮት ቶሎ እንደሚከፈት፣ የትኛው ቅጽ አስቀድሞ ፊርማ እንደሚያስፈልገው፣ የቤተ መጻሕፍቱ መቀመጫ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ይነግሩታል። በግቢው ውስጥ ያልተጻፈ፣ በአፍ የሚተላለፍ ሌላ መምሪያ አለ፤ የታተመው መምሪያ ጉድለቱ የማይታወቀውም ይኸኛው ስለሚሸፍነው ነው። ጎልማሳው ግን ከዚህ የአፍ ትምህርት ውጭ ነው። በ11:30 ገብቶ በ2:30 ይወጣል፤ አብረውት የሚማሩትም እንደ እርሱ ታክሲ ለመያዝ ይሮጣሉ። ከመምህሩም ሆነ ከሬጅስትራሩ ሠራተኛ በዕድሜ የሚበልጥ ስለሆነ፣ ቀላል የሚመስለውን ነገር ለመጠየቅ ያፍራል። ለእርሱ ያለው የታተመው ብቻ ነው። መምሪያው ፈጽሞ የሚነበበው በእርሱ ሲሆን፣ የተጻፈው ግን ለማያነበው ሰው ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርበን እንመልከት። በዚህ ዓይነት ጽሑፎች ዘንድ የተለመደው አነጋገር ይህን የመሰለ ነው፦ «ተመዝጋቢው ኦፊሴላዊ የትምህርት ማስረጃውን ከምዝገባው ቀነ ገደብ በፊት ማቅረብ ይኖርበታል።» ሰዋስዉ አያስነቅፍም፤ መረጃነቱ ግን አሳሳች ነው። «ማቅረብ» የሚለው ግሥ ተማሪው ወረቀቱን በእጁ ይዞ የሚመጣ ያስመስላል። ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ግን የቀድሞው ዩኒቨርሲቲ አሽጎ በቀጥታ ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የሚልከው ነው፤ ተማሪው በእጁ ያለው ኮፒ አይተካውም። ከዚህም በላይ የወጪ መጋራት ውል የፈረመ ምሩቅ ግዴታውን በክፍያ ወይም፣ መምህር ከሆነ፣ በአገልግሎት መወጣቱን ማሳየት ይጠበቅበታል። እንግዲህ ያ አጭር ዓረፍተ ነገር በውስጡ ከወረዳው የሚጻፍ የአገልግሎት ደብዳቤ፣ ወደ ቀድሞው ዩኒቨርሲቲ የሚደረግ ጉዞና የፖስታ ጊዜ ይዟል። ዝግጅቱ ሳምንታት የሚወስድ መሆኑን ያልነገረ ጽሑፍ፣ ቀነ ገደቡን በትክክል ቢጽፍም አንባቢውን አልረዳውም።

ከሁሉ በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ዝምታ ስለ ትምህርት ማቋረጥ ያለው ነው። ወጣት ተማሪ የሚያቋርጥበት ምክንያት ጥቂት ነው፤ የጎልማሳው ግን ብዙ ነው። እናቱ ትታመማለች፣ ሚስቱ ትወልዳለች፣ መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ወረዳ ያዛውረዋል። የዩኒቨርሲቲዎች ደንብ ለዚህ ሦስት የተለያዩ ስሞች አሉት። አንድን ኮርስ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ መተው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪዎች ድሮፕ ይሉታል። የመንፈቅ ዓመቱን ትምህርት በሙሉ በፈቃድ ማቋረጥ ሁለተኛው ነው፤ ዊዝድሮ ይባላል፤ ቅጹን ሞልቶ ያስፈረመ ሰው ተመልሶ ለመቀጠል በሩ ክፍት ይሆንለታል። ሳይናገሩ ጠፍቶ መቅረት ግን ሦስተኛው ነው፤ መዘዙም ከውጤት መበላሸት እስከ መሰናበት ይደርሳል። በሰውየው ሕይወት ውስጥ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ እናቱ ታማለች፣ መሄድ አለበት። በደንቡ ፊት ግን የሚለያያቸው አንድ ገጽ ቅጽ ነው። መምሪያዎቹ ይህን ጉዳይ ከሴኔቱ ሕግ አንቀጹን ገልብጠው በቅጣቶች ዝርዝር መካከል ያስቀምጡታል። በሌሊት ስልክ ተደውሎለት ሻንጣውን የሚያዘጋጅ ሰው የቅጣት ዝርዝር ገልጦ አያነብም። ሊነገረው የሚገባው በቀላል ቃል ነው፦ ከመሄድዎ በፊት ሬጅስትራር ቢሮ ገብተው ይህን ቅጽ ይሙሉ፤ ጊዜ ከሌለዎት በዚህ ስልክ ያሳውቁና ሰው ይወክሉ። ውክልና የሚፈቀድ ካልሆነም፣ እንደማይፈቀድ ይጻፍ።

የዕቅድ ባለሙያዎች ይህን እንደ ግለሰብ ችግር እንዳያዩት ያስፈልጋል። አንድ መምህር ለሁለተኛ ዲግሪ ሲላክ ትምህርት ቤቱ ምትክ ፈልጓል፤ ደመወዙም ተከፍሏል፤ ውሉም ተፈርሟል። ያ ሁሉ ወጪ በአንድ ባልተሞላ ቅጽ ሲባክን በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ የሚጻፈው «ያቋረጠ» ነው፤ የወረዳውም ሪፖርት ይህንኑ ይደግማል። ምክንያቱ የመረጃ ጉድለት እንደነበረ የትኛውም ሠንጠረዥ አያሳይም።

ስለ ቋንቋው ጥቂት እንበል። የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ መምሪያውም በእንግሊዝኛ መሆኑ ተገቢ ነው የሚሉ አሉ። የሚማሩበት ቋንቋና ቢሮ የሚፈልጉበት ቋንቋ ግን አንድ መሆን የለባቸውም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ለጎልማሳው በአምስት ቋንቋዎች ተጻፈለት፤ እያደርም ቋንቋዎቹ አሥራ አምስት ደረሱ። ጎልማሳ የሚያውቀውን ይዞ እንዲማር በሚያውቀው ቋንቋ መቅረብ እንደሚገባ በዚያን ጊዜ የታመነበት ጉዳይ ነበር። ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ያገኘውን አክብሮት ሁለተኛ ዲግሪ የሚማረው የሚነፈግበት ምክንያት አይታየኝም። በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ ሲጻፍ፣ ድሮፕ፣ ክሊራንስ፣ ትራንስክሪፕት የሚሉትን ቃላት በመስኮቱ ላይ በሚነገሩበት መልክ ትቶ ትርጉማቸውን ማስረዳት ይሻላል። ማንም የማይናገረውን ቃል ፈጥሮ መጻፍ ተማሪውን ሁለት ጊዜ ያደናግረዋል።

በአማርኛ የተጻፉትም ቢሆኑ አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው። አንባቢውን «ተማሪው» እያሉ በሩቅ ወንድ ያናግሩታል፤ «ይኖርበታል»፣ «የተከለከለ ነው» ይሉታል። በዚህ አነጋገር ሴቷ መምህርት የለችም። ቋንቋችን «እርስዎ» የሚል ቃል አለው፤ አክብሮቱም ለወንድም ለሴትም ነው። «መታወቂያዎን ይዘው ይምጡ» የሚለው «ተማሪው መታወቂያውን መያዝ ይኖርበታል» ከሚለው በአንድ ቃል እንኳ አይረዝምም። ሕፃን ልጅ ያላት ተማሪ የምታጠባበት ክፍል ካለ በመምሪያው ውስጥ መጠቀሱ ደግሞ ከቃል አልፎ መታሰቧን ያሳያታል።

የቀሩት ጥቃቅን ጉዳዮች ናቸው፤ ይሁንና ጎልማሳው የሚሰናከለው በእነርሱ ነው። ላፕቶፕ ይዞ የሚገባ በር ላይ ካላስመዘገበ ሲወጣ ይቆማል። የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት የሚጻፈው ለመደበኛው ተማሪ ነው፤ የማታው ተማሪ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ይከፈታል ወይ? ክሊኒኩ የማታና የክረምት ተማሪን ይቀበላል ወይ? ክፍያ የሚፈጸመው በባንክ ከሆነ ደረሰኙ ለየትኛው ክፍል ይሰጣል? እነዚህን የማይመልስ መምሪያ ስለ ተማሪዎች መማክርት አወቃቀር ሁለት ገጽ ባይጽፍ ምንም አይጎድልበትም።

ዛሬ ማስታወቂያው ሁሉ በቴሌግራም ስለሚወጣ የታተመ መምሪያ አያስፈልግም የሚል ሐሳብም ይሰማል። ፈጣንነቱ አይካድም። ነገር ግን እዚያ የሚለጠፈው የዛሬው ከትናንቱ ጋር ተደባልቆ ይወርዳል፤ የተሰረዘውና የጸናው ቀን አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። ለተሻሻለ ቀን ቴሌግራሙ፣ ለማይለወጠው አሠራር ደግሞ መምሪያው ቢያገለግል ሁለቱ ይደጋገፋሉ። በመምሪያው በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የታተመበት ወርና ዓመት መስፈር አለበት።

ዝግጅቱን በተመለከተ የሚቀርበው አሳብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ረቂቁን ሬጅስትራሩ ይጻፈው፤ ከመታተሙ በፊት ግን ትምህርቱን በማታ ወይም በክረምት የጨረሱ አራት አምስት መምህራን ያንብቡት፤ ያልገባቸውን ሳይሆን እነርሱን ያሰናከላቸውንና በውስጡ ያላገኙትን ያስመዝግቡ። ቀጥሎም የሚሰጥበት ጊዜ ይታሰብበት። በምዝገባው ዕለት የሚታደል መምሪያ ከምዝገባው በፊት መደረግ የነበረበትን ይነግራል፤ ተማሪው ትራንስክሪፕቱን ማስላክ እንደነበረበት የሚያነበው ተሰልፎ ቆሞ ነው። መምሪያው መሄድ ያለበት ከመቀበያ ደብዳቤው ጋር በአንድ ፖስታ ነው፤ አንድ ቅጂም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይላክ፤ የአገልግሎቱን ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ፈቃዱንም የሚሰጠው እርሱ ነውና።