ከእግር ሥር ምሳ የሚበስልበት ከተማ

ስፔን ሄዳችሁ ጓዲክስን ሳታዩ ከተመለሳችሁ፣ እባካችሁ ስፔንን አየሁ አትበሉ! የግራናዳው አልሃምብራ ድንቅ ነው፣ ማን ይክዳል። ግን ቲኬቱ ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም፤ ቢገኝም የምታዩት ግማሹን ቤተ መንግሥቱን፣ ግማሹን የሰው ጀርባ ነው። ከዚያው ከግራናዳ ወደ ምሥራቅ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አውቶቡስ በአንድ ሰዓት አካባቢ የሚያደርስበት፣ 18,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርበት አንድ ከተማ አለ። ቱሪስቱ በአውራ ጎዳናው ሽው ብሎ ወደ አልሜሪያ ባሕር ዳርቻ ያልፈዋል። እኔ በበኩሌ እንዲያልፈው ነበር የምፈልገው፤ ይህን መጻፌ ራሱ በገዛ እጄ ምስጢር ማባከን ነው። ግን እንዴት አድርጌ ዝም ልበል?

መጀመሪያ የሚያስደነግጠው መሬቱ ነው። ከጀርባ የሴራ ኔቫዳ ተራራ ተገትሯል። ከፊት ደግሞ ቀይ፣ ቢጫና አመድማ ጉብታዎች ጫፋቸው ሾሎ፣ ጎናቸው ተሸርሽሮ፣ ዓይን እስኪታክት ተደርድረዋል። የጥንት ሐይቅና ወንዞች ለሚሊዮን ዓመታት ያከማቹት ደለል ነው፤ ኋላ ዝናብና ጎርፍ እየቦረቦረ እንዲህ አደረገው። ዩኔስኮ በ2020 እ.ኤ.አ. የግራናዳ ጂኦፓርክ ብሎ ከዓለም ጂኦፓርኮች ተራ አስገብቶታል። እኔ ግን ስለ ጂኦፓርክ ማሰብ ያቆምኩት ከጉብታዎቹ አንዱ ላይ ወጥቼ ፎቶ ላነሳ ስዘጋጅ ነው። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ሲጠበስ ሸተተኝ። ዞር ስል ቤት የለም። ሰው የለም። ጎንበስ ስል ጉልበቴ አጠገብ ኖራ የተቀባ፣ ኮፍያ ቢጤ የደፋ ጭስ ማውጫ ቆሟል! ለካ የቆምኩት ሰው ጣሪያ ላይ ኖሯል፤ ከእግሬ ሥር ምሳ እየበሰለ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ። አንድ ጭስ ማውጫ አይደለም፣ በየጉብታው ነጭ ነጭ ሆነው በቅለዋል፤ ከመካከላቸውም የቴሌቪዥን አንቴና ብቅ ብሏል። በከተማዋ 2,000 ገደማ የዋሻ ቤቶች አሉ። ሙዚየም አይደሉም (አንድ ሙዚየም የሆነ አለ፣ እሱም ይታያል)፤ ሰው የሚኖርባቸው፣ ፖስታ የሚመጣላቸው፣ ልብስ ደጃፋቸው ላይ የተሰጣላቸው ቤቶች ናቸው። እኔን እብድ ያደረገኝ ይኼ ነው። ጥንታዊ ነገር ስናይ የለመድነው ባዶውን ነው፤ ገመድ ታስሮበት፣ «አትንኩ» ተብሎ። እዚህ ግን ጥንታዊው ነገር ደጁን ይጠርጋል!

ደጃፋቸውን ሲጠርጉ ያገኘኋቸው አንዲት አሮጊት ናቸው። በተሰባበረ ስፓኒሽዬ ሰላምታ ሳቀርብ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና «ግቢ፣ ግቢ፣ ይኼ ፀሐይ ሰው ይገድላል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የበጋው ፀሐይ አናት ይበሳል። ደፉን ተሻግሬ ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ ላቤ ደረቀ። የአየር ማቀዝቀዣ የለ፣ ማራገቢያ የለ! የዋሻው ውስጥ በጋ ከክረምት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውጭው ወደ 40 ሲጠጋም ያው፣ በክረምት ውርጭ ሲጥልም ያው። ሜትሮች ውፍረት ያለው አፈር የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ አያሳልፍም፣ የውስጡንም አያስወጣም።

ቤቱን አንድ በአንድ አሳዩኝ። ሳሎኑና ወጥ ቤቱ ደጃፉ በኩል ናቸው፣ ብርሃን ስለሚያገኙ። መኝታ ክፍሎቹ ወደ ኮረብታው ሆድ እየገቡ ይሄዳሉ፤ መስኮት የላቸውም፣ ሲተኙባቸው ጨለማው ድቅድቅ ነው። ከክፍል ወደ ክፍል መጋረጃ እንጂ በር የለም፤ አየር እንዲዘዋወር ነው። ጣሪያው ሁሉ ጎበጥ ያለ ነው፣ ቀጥ ያለ ጣሪያ አፈሩን አይሸከምምና። ግድግዳው በኖራ ላይ ኖራ ተደራርቦበት ማዕዘኑ ሁሉ ለስልሷል። እጄን ሳሳርፍበት የዶማው ጠባሳ ከኖራው ሥር ወጣ ገባ እያለ ይሰማኛል። «ይቺን ክፍል ባለቤቴ ናቸው የቆፈሯት» አሉኝ፣ አንዷን ጠባብ መኝታ ቤት እያሳዩ፣ «ሁለተኛዋ ልጃችን ስትወለድ።»

እስቲ አስቡት! ልጅ ሲመጣ ክፍል ይቆፈራል። ሸክላ አፈሩ ሲቆፈር ለዶማ ይታዘዛል፣ አየር ሲነካው ይጠነክራል፣ ውኃም በቀላሉ አያሳልፍም። የወጣው አፈር አይጣልም፤ ደጃፉ ላይ ተደልድሎ ግቢ ይሆናል። ሲሚንቶ የለ፣ ብረት የለ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ የለ። በወር በወሩ ኪራይ እየከፈለ በአራተኛ ፎቅ ሙቀት ለሚቀቀል ሰው ይኼ ያስቀናል። ጥገናው ግን አይቀርም፤ ኮረብታው ላይ ውኃ እንዳይተኛ መጠበቅ፣ ሥሩ ጠልቆ የሚገባ ተክልም እንዳይበቅል መንቀል ያሻል። የተተዉት ዋሻዎች ደጃፋቸው ተንዶ የሚታዩት ይኼን የሚያደርግላቸው ሰው ስላጡ ነው።

የዋሻ ኑሮ ሁልጊዜ የሚያስቀና አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ከተማዋ በ1489 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ፈርዲናንድና በንግሥት ኢዛቤላ እጅ ወደቀች። በተከታዩ ምዕተ ዓመት በግድ የተጠመቁት ሙስሊሞች ከከተማ ሲገፉ ወደነዚህ ኮረብታዎች መጠጋታቸው ይነገራል። ከዚያ በኋላ ለዘመናት ዋሻ ማለት የድሃ መጠለያ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ፔድሮ ፖቬዳ የሚባሉ ወጣት ቄስ እዚሁ የዋሻ መንደር ገብተው ለድሃ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1936 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጅማሬ ተገደሉ፣ በ2003 ቅዱስ ተባሉ። ዛሬ መንደሩ ከላይ ቁልቁል የሚታይበት ሰገነት በስማቸው ይጠራል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እዚያ ካልወጣችሁ ወየውላችሁ! አንዳንዱን ዋሻ ደግሞ ሆቴል አድርገውታል። ጃኩዚ ያስገቡበትን አልወደድኩትም፤ ተራውን ተከራዩና እዚያ ተኙ። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ከተማው መሐል ካቴድራል አለ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ተጀምሮ ያለቀው በ18ኛው ስለሆነ ጎቲክ፣ ህዳሴና ባሮክ ተደራርበውበታል። አሮጌ የዓረብ ምሽግ አለ፣ የሮማ ቲያትር ፍርስራሽ አለ። ሮማውያን አቺ ብለው የሰፈሩባት ከተማ ናት። ባቡር ጣቢያው ደግሞ የ1989ኙ የኢንዲያና ጆንስ ፊልም የተቀረጸበት ነው፤ ፊልሙ ውስጥ የቱርኳ ኢስኬንዴሩን ነው ብለው አታለውናል!

እኔን ዝም ያሰኘኝ ግን ሌላ ነው። ኢብን ጡፈይል የዚህች ከተማ ልጅ መሆኑን ታውቁ ነበር? በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከዚሁ ተነሥቶ የአልሞሃድ ሥርወ መንግሥት ኸሊፋ ሐኪም የሆነው፣ ሌላውን ፈላስፋ ኢብን ሩሽድንም ከኸሊፋው ጋር ያስተዋወቀው ፈላስፋ ማለቴ ነው። «ሐይ ኢብን የቅዛን» የተሰኘው መጽሐፉ ሰው በሌለበት ደሴት አጋዘን አጥብታ ስላሳደገችው ሕፃን ይተርካል። እናት የሆነችው አጋዘን ስትሞት ልጁ ከእሷ የሄደው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ደረቷን ከፍቶ ልቧን ይመረምራል። ሕፃኑ ከየት መጣ ለሚለው ደራሲው ሁለት መልስ ይሰጣል፤ አንደኛው ያለ እናት ያለ አባት፣ ከተብላላ ሸክላ ጭቃ ውስጥ ተፈጠረ የሚል ነው። ከሸክላ! ምሁራን ይስቁብኝ ይሆናል እንጂ እኔ ከዋሻ ውስጥ ሰው ሲወጣ እያየሁ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

የምትሄዱበትን ጊዜ መምረጥ ከቻላችሁ በፈረንጅ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ይሁን። ያኔ ካስካሞራስ የተባለው በዓል አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የጎረቤቷ የባዛ ሰዎች የአንዲት እመቤታችን ሐውልት ባለቤቶች ናቸው፣ ጓዲክሶች ደግሞ ሐውልቷን ያገኛት የእኛ ሰው ነው ይላሉ። ስምምነቱ፦ ከጓዲክስ የተላከው ሰው ቀለም ሳይነካው ባዛ ቤተ ክርስቲያን ከደረሰ ሐውልቷን ይወስዳል። ሴፕቴምበር 6 ዝንጉርጉር ልብሱን ለብሶ ይሄዳል፣ የባዛ ሕዝብ ጥቁር ቀለም ይዞ ይጠብቀዋል፣ ከነቀለሙ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሴፕቴምበር 9 ደግሞ የገዛ አገሩ ሰዎች ባዶ እጅህን ለምን መጣህ ብለው እንደገና ቀለም ይለቀልቁታል! ምዕተ ዓመታት አለፉ፣ ንጹሕ ሆኖ የገባ የለም፣ በየዓመቱ ግን ይላካል። ተመልካች ተብሎ የሚታለፍ ሰው ስለሌለ የሚጣል ልብስ ለብሳችሁ ሂዱ፤ ማደሪያውን ዋሻ አስቀድማችሁ ያዙ፣ ባለቤቲቱንም ነጩን ግድግዳቸውን ሳትነኩ የምትታጠቡበትን ቦታ ቀድማችሁ ጠይቁ።