«በየስድስት ወሩ ጥርሳችሁን ታዩ»፦ ምክሩ የቱ ላይ ልክ ነው፣ የቱ ላይ ይሳሳታል?

«ልጆች በየስድስት ወሩ ጥርስ ሐኪም ጋ መታየት አለባቸው።» ይህን ምክር አንድ ቦታ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ጥሩ ምክር ነው? አዎ። የተሟላ ነው? አይደለም። እስቲ ዛሬ እንደማንኛውም ሳይንሳዊ አባባል እንፈትሸው።

ከጠንካራ ጎኑ እንጀምር። ብዙዎቻችን ጥርስ ሐኪም ጋ የምንሄደው ሲያመን ነው። ጥርስ መበላሸት ሲጀምር ግን አያምም። የጥርስን ላይኛ ክፍል የሚሸፍነው ኢናሜል ነርቭ የለውም። አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመርታሉ፤ አሲዱም ከኢናሜሉ ላይ ማዕድን ያሟሟል። ምራቅ ደግሞ ማዕድኑን ቀስ በቀስ ይመልሳል። ቀኑን ሙሉ ከረሜላ ስንመጥና ለስላሳ ስንጠጣ ከዋልን ግን ምራቅ ጊዜ አያገኝም፤ አሲዱ ያሸንፋል።

የመጀመሪያው ምልክት ቀዳዳ ሳይሆን ነጭ፣ ደብዘዝ ያለ ነጠብጣብ ነው። በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት፣ በፍሎራይድና ስኳር በመቀነስ ጉዳቱን ማስቆም፣ አንዳንዴም መመለስ ይቻላል። ቀዳዳ ከሆነ በኋላ ግን ጥርስ እንደ ቆዳ ራሱን አይጠግንም። የወተት ጥርስ ኢናሜል ደግሞ ከቋሚው ይልቅ ስስ ነው። ሳያምም በፊት መታየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

«የወተት ጥርስ መውለቁ አይቀር፣ ምን ያስጨንቃል?» የሚሉ አሉ። ስድስት ዓመት ገደማ ላይ ከወተት ጥርሶች በስተኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጣ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። እሱ ግን ቋሚ ነው፤ ከተነቀለ ሌላ አይበቅልም።

አሁን ወደ ደካማ ጎኑ። «ስድስት» የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1977 ለንደን ይሠሩ የነበሩት ኦብሪ ሻይሃም የተባሉ ምሁር ይህንኑ ጥያቄ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አነሱ፤ ለቁጥሩ በቂ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውም ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የእንግሊዝ የጤና መመሪያም ለሁሉም አንድ ቁጥር አልሰጠም። ከ18 ዓመት በታች ላሉ፣ እንደየልጁ የአደጋ መጠን ከ3 እስከ 12 ወር ይላል። ጥርሱ ቶሎ ቶሎ ለሚበላሽ ልጅ ስድስት ወር ሊረዝም ይችላል፤ ጤናማ ለሆነው ደግሞ ሊያጥር ይችላል።

የአካባቢ ልዩነትም አለ። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። እዚያ ያደገ ልጅ ጥርሱ ላይ ቡናማ ቀለም ቢታይ «አልቦረሽክም» ተብሎ ይወቀስ ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን ውሃው ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው የሚያውቅ ዓይን ነው።

ትልቁ ጉድለት ግን ምክሩ ዝም ያለው ነገር ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት 514 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት የተበላሸ የወተት ጥርስ እንዳላቸው ገምቷል። በዓመት ሁለት ቀን ብትታዩ፣ በቀሩት 363 ቀናት ጥርሳችሁን የሚጠብቀው ማነው? ጥርስ ሐኪም በሌለበት ወረዳ ያለ ልጅስ ምን ይበል? ለእሱ መልሱ ከዛሬ ማታ ይጀምራል፦ በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለቴ መቦረሽ፣ በተለይ ከመኝታ በፊት፤ ጣፋጭን ደግሞ ከምግብ ሰዓት ውጪ አለማብዛት።

«ታዲያ ቁጥሩ ካልተረጋገጠ መሄዱ ይቅር» እንዳትሉ! የተጠረጠረው ቁጥሩ እንጂ ምርመራው አይደለም። ጥርስ ሐኪምን መጀመሪያ ያየው ጥርሱ በሚነቀልበት ቀን የሆነ ልጅ የሚማረው ፍርሃትን ነው። ሳያመው የሄደ ልጅ ግን ወንበሩን፣ መስታወቱንና ሐኪሙን በሰላም ይተዋወቃል።

ስለዚህ እኔ ብሆን ምክሩን እንዲህ አርመው ነበር፦ ሳያማችሁ ታዩ፤ ከዚያም «የሚቀጥለው ቀጠሮዬ መቼ ነው? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ «ለምን» ለሚለው የሚሰጣችሁ መልስ ከቁጥሩ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።