«የግራ እይታ» የሚለው ስያሜ ሲመረመር

በኮምፒዩተር ከተነደፈ ባለሦስት አውታር ቅርጽ የሚወጡትን ባለሁለት አውታር ሥዕሎች «የላይ እይታ»፣ «የግራ እይታ» ብሎ መሰየም ቃል በቃል የመተርጎም ውጤት ነው። አገናዛቢው «የ» የተመልካቹን ቦታ ከሥዕሉ ቦታ አይለይም።

ግድግዳው በድንጋይ ክብ ሆኖ የተካበ፣ በጓሳ ሣር የተከደነ የመንዝ ቤት ለአብነት እንውሰድ። ከላይ ሲታይ ክብ ነው፤ ከፊት ሲታይ በአራት ማዕዘን ላይ የተቀመጠ ሦስት ማዕዘን ነው። ደጃፉን ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው በግራ በኩል መስኮት አለው እንበል። ከግራ የታየው ሥዕል በአውሮፓ በተለመደው በአንደኛው ማዕዘን ስልት ከፊተኛው በስተቀኝ ይሰፍራል፤ በአሜሪካ በተለመደው በሦስተኛው ማዕዘን ስልት ግን በስተግራ። እንግዲህ «የግራ እይታ» የትኛው ነው? ከግራ የታየው ወይስ በግራ የሰፈረው? ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን በትክክል ቢያወጣም፣ ስያሜው ያሳሳተው ግንበኛ መስኮቱን በተቃራኒው ጎን፣ ምናልባትም ለደጋው ነፋስ ይከፍተዋል።

ስለዚህ መነሻን የሚያመለክተው «ከ» ቢገባ ይመረጣል፤ «ከላይ የታየ»፣ «ከግራ የታየ» ይባል። ስያሜው በጥቂቱ ቢረዝምም፣ ሥዕሉ በወረቀቱ ላይ የትም ቢሰፍር ትርጉሙ አይናወጥም።