በጩኸት መፈላለግ፦ የአርፕ ብልሃትና ጉድለት

እስቲ የገና ለታ ላሊበላ ናችሁ እንበል። ቤዛ ኩሉ ሊያይ የመጣው ሕዝብ በቤተ ማርያም ዙሪያ ጢም ብሏል። ዘመዳችሁ እዚያው አለ፤ የት እንደቆመ ግን አታውቁም። በስሙ ትጣራላችሁ። ሁሉም ይሰማል፤ «አቤት!» የሚለው አንዱ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ ኔትወርክን በፖስታ ቤት እየመሰሉ ያስተምሩናል። ፖስተኛ ግን እየጮኸ አይፈልግም፤ ኮምፒውተር ይጮኻል። ዴቪድ ፕለመር በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው አርፕ የተባለ ደንብ፣ «ይህ አይፒ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ በአንድ ኔትወርክ ላሉ መሣሪያዎች በሙሉ ጥያቄ ይልካል። ባለቤቱም ማክ አድራሻውን፣ ማለትም የመሣሪያውን መለያ ቁጥር፣ ይመልሳል። መዝገብ የለም፣ መዝጋቢም የለም። ከ40 ዓመት በላይ ያኖረው ይህ ቅለቱ ነው።

ታዲያ ጉድለቱ ምንድን ነው? አንደኛው ጩኸቱ ነው። ለአምስት ስልክ ምንም አይደል፤ ለሺዎች ግን ይከብዳል። በዋይፋይማ ለሁሉም የሚላክ መልእክት በዝግተኛ ፍጥነት ስለሚሄድ አየሩን ያጨናንቃል፤ የተኙ ስልኮችን እየቀሰቀሰም ባትሪ ይበላል። ጩኸቱን ለመቀነስ መሣሪያዎች የሰሙትን መልስ ለጥቂት ጊዜ ይይዛሉ። ብዙ ከያዙት መልሱ ያረጃል፤ ቶሎ ከረሱት እንደገና መጮህ ነው። ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም።

አዲሱ አይፒ ስሪት 6 እዚህ ላይ ይሻላል። ሁሉንም ሳይሆን የአድራሻቸው የመጨረሻ 24 ቢት የሚመሳሰለውን ብቻ ይጠራል፤ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ይብሳል፦ አርፕ «አቤት» ያለውን ሁሉ ያምናል። የላስታ ገበሬ ከጋራ ማዶ ጎረቤቱን ሲጣራ፣ የሚመልስለትን ሰው በድምፁ ያውቀዋል። አርፕ ድምፅ አይለይም። በሆቴል ዋይፋይ ላይ አንድ ተንኮለኛ «ራውተሩ እኔ ነኝ» ቢል፣ መልእክታችሁ በእሱ በኩል ሊያልፍ ይችላል። የተመሰጠረ ድረ ገጽ ከሆነ ይዘቱን አያነብም፤ መንገዱን መዝጋት ግን ይችላል።

በእኔ ግምት አርፕ ጥሩ የጎረቤት ደንብ ነው። ጥፋቱ ለማይተዋወቅ ሕዝብ እንዳለ መጠቀማችን ነው። ትልቅ ኔትወርክ የሚሠራ ሰው በትንንሽ መንደር ይከፋፍለው፤ የእንግዶችን ስልክም እርስ በርስ እንዳይጠራራ ይለያየው። ወጪና ድካም አለው፤ ግን ሐሰተኛ «አቤት» ከማመን ይሻላል።