ስለ ተማሪዎች መጠጥ የሚጻፉ ጥናቶችና ያልተጠየቀው የሐርላ ገበሬ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ተማሪዎች መጠጥ ከሚጻፉት ጥናቶች አብዛኞቹ በአንድ መልክ የተሠሩ ናቸው። መጠይቅ በክፍል ውስጥ ይታደላል፤ ተማሪው ስሙን ሳይጽፍ ይሞላዋል፤ መጠጥ፣ ጫትና ሲጋራ በየዓምዳቸው ተቈጥረው በመቶኛ ይቀርባሉ። በመጨረሻው ገጽ ላይም ዩኒቨርሲቲውና ኅብረተሰቡ ተባብረው ይሥሩ የሚል ምክር ይገኛል። ቍጥሩን አንነቅፍም፤ በድካም የተገኘ ነው። የምንነቅፈው ይህችን የመጨረሻ መሥመር ነው፤ ተባበር የተባለው ኅብረተሰብ በጥናቱ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ ሲጠየቅ አይታይምና።

ጉድለቱ በድሬዳዋ ጎልቶ ይታያል። በዚህ ከተማ የተማሪን መጠጥ ከጫት ለይቶ ማጥናት አስቸጋሪ ነው። ተማሪው ለፈተና ሌሊቱን ነቅቶ ለማደር ይቅማል፤ ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሣው ደግሞ ለማብረድ ይጠጣል። ይህንንም «ጨብሲ» ይሉታል። የጫቱ ንቃት የስካሩን ስሜት ስለሚሸፍንበት ጠጪው ልኩን ሳያውቅ ያልፋል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን በየዓምዱ ለይቶ የሚቈጥር መጠይቅ ግን የትኛው ቀድሞ የትኛውን እንደ ጎተተ ሊነግረን አይችልም።

የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነገር የነበረውንም ማስታወቂያ አግዷል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲው በር ላይ በሚቆመው ዘበኛ የሚፈጸም አይደለም፤ ከአጥሩ ውጭ ባለችው ባለ ግሮሰሪ እጅ ነው ያለው። እርስዋ መታወቂያ ጠይቃ አንዱን ደንበኛ ብትመልስ ጎረቤትዋ ይሸጥለታል፤ ኪሳራው የእርስዋ ብቻ ይሆናል። የአንድ መንገድ ሻጮች ሁሉ በቀበሌውና በሽማግሌዎች ፊት ካልተስማሙ በቀር እርስዋን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጫቱም ባለቤት አለው። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐርላ ማሽላና ጫት የሚመረትባት መንደር ናት። ጫት ለገበሬው የልጁን ደብተርና ልብስ የሚገዛበት ገንዘብ ነው፤ ያ ልጅም ነገ መጠይቁን ከሚሞሉት አንዱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው «ከጫት ተጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍ ሰጥቶ መመለስ ምን ዓይነት ትብብር እንደ ሆነ አይገባንም።

የሚገርመው፣ ከሊቃውንት ጋር እንዴት እንደሚሠራ ሐርላ አስቀድማ ማወቅዋ ነው። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ቡድን በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል መሪነት ያካሄደው ቍፋሮ ውጤት በ2009 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድና ከሩቅ አገር የመጣ የንግድ ዕቃ መገኘቱ ተነገረ። (ነዋሪው ታላላቆቹን ድንጋዮች አይቶ የግዙፋን ሰዎች ከተማ ነበረች ይል ነበር።) ከዚያም ከግኝቶቹ አንዳንዶቹ የሚታዩበት፣ በነዋሪዎቹ የሚተዳደርና ከጎብኚ ተጨማሪ ገቢ እንዲያስገኝላቸው የታሰበ ቤት ተከፈተ። የጥንቱን ዶቃ ፍለጋ የመጡት ሰዎች ስለ ገበሬው ኑሮ አስበዋል፤ ስለ ተማሪዎቻችን ጤና የሚጽፉት ግን ደጃፉን አልረገጡም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ርእስ የሚነሣ ጓደኛችን መጠይቁን ከክፍል ያውጣው። በየስንት ሰዓቱ እንደሚቃምና እንደሚጠጣ ተማሪውን በቅደም ተከተል ይጠይቅ፤ የፈተና ሳምንት ገበያዋን ምን ያህል እንደሚለውጠው ጫት ሻጭዋን ይጠይቅ፤ ወደ ሐርላም ወጥቶ፣ ማሳውን በከፊል በሌላ ተክል ለመለወጥ ምን እንደሚያስፈልገው ገበሬውን ይስማ።