ዜናው ልብ ወለድ፣ ልብ ወለዱ ዜና

ስለ በዓሉ ግርማ ‹‹ኦሮማይ›› ያልተባለ ነገር ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ ከተባለው ውስጥ አብዛኛው ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ደራሲው ፍጻሜ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ መሰብሰቡን፣ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው መባረሩን፣ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ መቅረቱን ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቃል። የሰውየው ዕጣ የሥራውን መልክ ጋርዶብናል ብል ድፍረት አይሆንብኝም። ሐዘኑ ሐዘናችን ነው፤ መጽሐፉን ግን እስቲ እንደ መጽሐፍ እንየው።

‹‹ኦሮማይ››ን አንዱ የፍቅር ታሪክ ነው ይለዋል፤ ሌላው የጦርነት፣ ሦስተኛው የስለላ። ማንም አልተሳሳተም። በበኩሌ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጋዜጠኛ የተጻፈ መጽሐፍ ነው ባይ ነኝ። ባለታሪኩ ፀጋዬ ኃይለማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተከፈተውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሥራ እንዲመራ ወደ አስመራ ይላካል። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ትቀራለች፤ እሱ አስመራ ላይ በፊያሜታ ጊላይ ፍቅር ይወድቃል። ታሪኩን የሚተርክልን ራሱ ፀጋዬ ነው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ የሚያወጋን ሰው ዜናውን የሚሠራው ሰው ነው።

በዓሉም ሙያውን በሩቅ አልገመተውም። ‹‹መነን››ን፣ ‹‹አዲስ ሪፖርተር››ን፣ ‹‹አዲስ ዘመን››ንና ‹‹ኢትዮጵያን ሄራልድ››ን አዘጋጅቷል፤ ኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሥልጣን ላይ ደርሷል። ወጡ እንዴት እንደሚሠራ ማጀት ገብቶ ያየ ሰው ነው።

ያ ማጀት ምን ይመስል እንደ ነበር ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ‹‹አዲስ ዘመን›› ጋዜጣ በ1933 ዓ.ም. ሲቋቋም ስሙን ያገኘው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ በገቡበት ቀን ካደረጉት ንግግር ነበር። ስሙን ከቤተ መንግሥት የተቀበለ ጋዜጣ ቃሉንም ከዚያው ቢቀበል አያስገርምም። የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ጉዳቱን በግልጽ ለዓለም ያሳየው የአገራችን ጋዜጣ አልነበረም፤ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ያቀረበው ፊልም ነበር። ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕሎች ጋር አቀላቅሎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። እውነት በቴሌቪዥን ሲታይ ምን እንደሚያደርግ ሕዝቡ ያን ምሽት አየ። ደርግም አየ። ከዚያ ወዲያ ካሜራው ከእጁ እንዳያመልጥ ተጠነቀቀ። በ1977 ዓ.ም. መባቻ አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰንደቅና በሰልፍ ስታከብር ሰሜኑ እንደገና በረሃብ ይረግፍ ነበር፤ ይህንንም በጥቅምት ወር ለዓለም ያሰማው የቢቢሲው ማይክል በርክ ነው። ሁለት ጊዜ የራሳችንን ረሃብ ከባዕድ አፍ ሰማን።

‹‹ኦሮማይ›› የተጻፈው በእነዚህ ሁለት ዝምታዎች መካከል ነው። ቀይ ኮከብ እንደ ተራ ዘመቻ አልታወጀም፤ ፋብሪካው ይጠገናል፣ መንገዱ ይሠራል፣ ኤርትራ ትለማለች ተብሎለታል። ናቅፋ ግን አልተያዘችም። ዘመቻው መክሸፉንም ሕዝቡ ከኢትዮጵያ ሬዲዮ አልሰማም። ታዲያ ምን አደረገ? መስማቱን አልተወም፤ አሰማሙን ለወጠ። የተነገረውን ትቶ ያልተነገረውን ማዳመጥ ጀመረ። ‹‹ጠላት ተደመሰሰ›› ሲባል፣ ‹‹ለካስ ሰሞኑን ውጊያ ነበረ›› ብሎ ይይዛል። ማታ መስኮቱን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የዶይቼ ቬለን ወይም የአሜሪካ ድምፅን ይከፍታል፤ ደፈር ያለው የሻዕቢያን ሬዲዮ ሳይቀር። የመንግሥት ዜና ዋጋው ወርዶ ወርዶ የአየር ጠባይ ምልክት ያህል ሆነ፤ ደመናውን ያሳያል እንጂ ዝናቡ የት እንደ ወረደ አይናገርም።

መጽሐፉ የደረሰው እንዲህ ላለው አንባቢ ነው። ልብ ወለድ ተብሎ ቀረበ፤ አንባቢው ግን እንደ ዜና አነበበው። ‹‹ይኸኛው ሚኒስትር እገሌ ነው፣ ያኛው ጄኔራል እገሌ ነው›› እያለ ስም ሲያዛምድ ሰነበተ። ዜና ተብሎ የወጣውን የማያምን ሰው፣ ልብ ወለድ የተባለውን አመነ። ለምን ይሆን?

መርካቶ ውስጥ ሁለት መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ አለ ይባላል፤ አንዱ ለግብር ሰብሳቢው የሚቀርብ፣ ሁለተኛው ከትራስ ሥር የሚቀመጥ። ነጋዴው ራሱ የሚያምነው ሁለተኛውን ነው። የመንግሥት ጋዜጠኛም እንዲሁ ሆኖ ኖሯል፤ ለስርጭት አንድ መዝገብ፣ ለራሱና ለወዳጆቹ ሌላ መዝገብ። ፀጋዬ በሥራው የዘመቻውን መፈክር ያሳምራል። ለእኛ ለአንባቢዎቹ ግን ባለሥልጣናቱ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚሻኮቱ፣ ጥርጣሬ እንዴት እንደ ነገሠ፣ በናቅፋ ተራሮች ላይ የወጣት ደም እንዴት እንደ ፈሰሰ ይነግረናል። ‹‹ኦሮማይ›› ከትራስ ሥር የወጣው ሁለተኛው መዝገብ ነው። የታመነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምሕረት ያላገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ውሸት መሆኑን ሁሉ የሚያውቀው ዜና አገዛዙን ብዙም አያሳስበውም፤ የሚያስፈራው፣ ዜናውን ሲሠራ የነበረው ሰው ‹‹እኔም አላምነው ነበር›› ብሎ በስሙ ሲጽፍ ነው።

ርእሱም ይህንኑ ያጠናክራል። ‹‹ኦሮማይ›› ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ሰው አንደበት የገባ ቃል ሲሆን፣ ‹‹አበቃ፣ አከተመ›› እንደ ማለት ነው። አንባቢው ቃሉን ለፊያሜታ ፍቅር ወይም ለዘመቻው ይሰጠዋል። እኔ ሦስተኛ ነገር እጨምርበታለሁ፤ የመንግሥት ቃል መታመኑም ያኔ ኦሮማይ ሆኗል።

ከምስጋናው ቀጥሎ ወቀሳዬን ላቅርብ። በመጽሐፉ ውስጥ ባለሥልጣኑ፣ መኮንኑ፣ የደኅንነቱ ሰው፣ ሰላዩ፣ ቆንጆዋ፣ ሁሉም አሉ። የፀጋዬን ዜና የሚሰማው ሰው ግን ከዋነኞቹ ገጸ ባሕርያት መካከል የለም። ልጇን ወደ ናቅፋ የሸኘች፣ ማታ ማታ ሬዲዮኑ ሥር የምትቀመጥ የጎጃም ወይም የአርሲ እናት ቦታ አልተሰጣትም። ፀጋዬ ይሠቃያል፤ ሥቃዩ ግን ስለ ፍቅሩ፣ ስለ ባልደረቦቹና ስለ ራሱ ህሊና ነው። ‹‹እኔን ያመነ ሰው ምን ሆነ?›› የሚለው ጥያቄ የመጽሐፉ ማዕከል አልሆነም። የጋዜጠኛ ጥፋት የሚመዘነው አድማጩ ላይ ባደረሰው ጉዳት እንጂ እሱ ራሱ በተሰማው ጸጸት አይደለም። በዓሉ ማጀቱን እስከ ጓዳው ድረስ አሳየን፤ ወጡ የቀረበለትን እንግዳ ግን አላሳየንም።

‹‹ሰውየው በሕይወቱ ከፍሎበት ሳለ ይህን ማለት ይገባል ወይ?›› የሚለኝ አይጠፋም። ይገባል እላለሁ። የበዓሉ ድፍረት የእኔን ምስክርነት አይፈልግም። ድፍረቱን አክብረን ሥራውን ከመመርመር ብንቆጠብ ግን፣ መጽሐፉን በሌላ መንገድ ከገበያ ሰበሰብነው ማለት ነው። ደግሞም ጉድለቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ሙያው ከእሱም በኋላ አድማጩን እንደ ረሳ ቆይቷል።

ከደርግ ውድቀት በኋላ በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ወጣ፤ ቅድመ ሳንሱር ቀረ። ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ፤ ‹‹ኦሮማይ››ም እንደገና ታትሞ በአደባባይ ተሸጠ። ሳንሱር ሲነሣ እምነትም አብሮ ይመለሳል ብሎ ያሰበ ብዙ ነበር። አልተመለሰም። የመንግሥቱ መገናኛ ብዙኃን ባለቤታቸውን ሲያገለግሉ፣ ከግሉም በኩል ብዙ ጋዜጠኛ ወኅኒ ወረደ። አንባቢውም የተማረውን አልረሳም፤ ጋዜጣውን ሳይገልጥ ‹‹የማን ነው?›› ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ከመልሱ በኋላ ነው፤ የወገኑን ሳያላምጥ ይውጣል፣ የሌላውን ሳይቀምስ ይተፋል። ስለዚህ የፖለቲካ ተጽዕኖ ከላይ በስልክ በሚመጣ ትእዛዝ ብቻ አይገባም፤ ‹‹የእኔን ወገን አታስነካብኝ›› በሚል አንባቢ በኩልም ይገባል።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህን ሁሉ ገሃድ አወጣው። ትግራይ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ጋዜጠኛም እንደ ልብ አልገባም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ በየወገኑ ድል ሲበሰር፣ ስንቱ ቤተሰብ የልጁን መርዶ ወይም ደኅንነት ከልጁ ጓደኛ፣ በውጭ አገር ካለ ዘመድ ወይም ከፌስቡክ ሲለቅም ከረመ። በአርባ ዓመት ገደማ ውስጥ ሬዲዮኑ በእጅ ስልክ ተተክቷል። በዓሉ ያላሳየን እናት ግን አሁንም እዚያው ቁጭ ብላለች።

ዛሬ ሕዝቡ ጋዜጠኛን ማመን የተወው በማኅበራዊ ሚዲያ ምክንያት ነው ሲባል እሰማለሁ። ‹‹ኦሮማይ›› የዚህ ተቃራኒ ምስክር ነው። ኢንተርኔት ባልነበረበት ዘመን አንባቢው ከዜናው ሸሽቶ ልብ ወለድ ውስጥ ተጠልሏል። አሉባልታ የሚገባው ባዶ ቤት ሲያገኝ ነው፤ ቤቱን ባዶ ያደረገው ደግሞ አሉባልታው ራሱ አይደለም።

መጽሐፉ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለውጭ አንባቢ ቀርቧል። የባዕድ አገር ሰው የፍቅርና የስለላ ታሪክ አድርጎ ቢያነበው አልፈርድበትም። በየዜና ክፍሉ ያላችሁ ባልደረቦች ግን በሌላ ዓይን ደግማችሁ እንድታነቡት እመክራለሁ። ካነበባችሁም በኋላ፣ ከሥራ ወጥታችሁ ቡና ስትጠጡ ለጓደኛችሁ የምትነግሩትና በስርጭት የምታነቡት ምን ያህል እንደሚራራቁ ለኩት። አንባቢው ይህን ርቀት ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ጆሮውን ለሌላ ወሬ የሰጠውም በዚያው ልክ ነው።