ጆሮ ጠቢው ቫይረስ

ከለቡ መብራት ኃይል በታች የሚወርደውን ፍሳሽ በጠርሙስ ቀድቼ ወደ ቤተ ሙከራ ስወስድ የምፈልገው ፋጅን ነው፤ ባክቴሪያ የሚያጠቃውን ቫይረስ። ደለሉ ከዘቀጠ በኋላ ውሃውን 0.22 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ አሳልፈዋለሁ። ባክቴሪያው ይቀራል፣ ፋጁ ያልፋል። ያለፈውን ፈሳሽ ከባክቴሪያ ጋር በስስ የአጋር ጄል ቀላቅዬ ሳህን ላይ አፈስሰዋለሁ። በማግስቱ ሳህኑ በባክቴሪያ ይሸፈናል፤ ፋጅ በሠራበት ቦታ ግን ክብ ባዶ ቦታ፣ ፕላክ የምንለው፣ ይታያል።

ፕላኩ ጥርት ያለ ከሆነ ደስ ይለናል፤ መሐሉ ከደፈረሰ ብዙ ጊዜ እንጥለዋለን። ለሕክምና የሚፈለገው ያገኘውን ሁሉ የሚገድል ነውና። የደፈረሰው ፕላክ ባለቤት ግን አንዳንዱን ባክቴሪያ ሳይገድል ዘረመሉን ውስጡ አኑሮ ያደፍጣል። አደጋም አለው፤ የኮሌራን መርዝ የሚሠራውን ዘረመል ለባክቴሪያው ያቀበለው እንዲህ ያለ ፋጅ ነው።

እኔ ግን ለዚህኛው አዳላለሁ፤ የሚያዳምጠው እሱ ነውና።

ባክቴሪያዎች በሚለቁት ኬሚካል ብዛታቸውን ያውቃሉ፤ ኬሚካሉ ሲጠራቀም አንድ ላይ ጠባይ ይለውጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጀስቲን ሲልፒና ቦኒ ባስለር ቪፒ882 የተባለው ፋጅ ይህን ጭውውት እንደሚጠልፍ አሳዩ። የኮሌራ ባክቴሪያ የሚለቀውን ዲፒኦ የተባለ ሞለኪውል የሚቀበል ፕሮቲን ፋጁ በራሱ ዘረመል ይዟል። ዲፒኦው ሲበዛ ተቀባዩ ነቅቶ ክቲፕ የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ያሠራል፤ ክቲፕም ፋጁን አፍኖ የያዘውን ፕሮቲን ይዞ ከሥራ ያስወጣዋል። ከዚያ ፋጁ ይባዛል፣ ባክቴሪያው ይፈነዳል። የሚወጡት ፋጆች ታዲያ ዙሪያውን የሚያጠቁት ሞልቶላቸዋል። ሰዓቱን እንዲህ መምረጡ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ፋጆች እርስ በርስም ይነጋገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዋይዝማን ተቋሙ ሮተም ሶሬክና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ባሲለስ የሚያጠቁ ፋጆች ስድስት አሚኖ አሲድ ያላት ፔፕታይድ ያስለቅቃሉ። መልእክቷ ሲበዛ ብዙ ባክቴሪያ አልቋል ማለት ነው፤ ተከታዮቹ መግደሉን ትተው ያደፍጣሉ።

ስለዚህ ባክቴሪያውን በምን ያህል ብዛት እንዳፈሰስሁ ሳልጽፍ ስለ ፕላክ መልክ አንድ ቃል አልመዘግብም። የሚያዳምጥ ፋጅ በሳሳ ሳህንና በተጨናነቀ ሳህን ላይ ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል።

ሲልፒና ባስለር ቪፒ882ን ቀይረው በሳልሞኔላ ወይም በኢ. ኮላይ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ምልክት ሲያገኝ እንዲገድል አድርገውታል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ ተነሥቶ የተስፋፋውን ኮሌራ ላየች አገር ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ የደፈረሱትን ፕላኮች እየቆረጥሁ፣ ከየትኛው ባክቴሪያ ላይ እንደተገኙ እየጻፍሁ በብርድ አኖራቸዋለሁ። ዘረመላቸው ሲነበብ አስቀድሜ የምፈልገው እንደ ቪፒ882 ያለውን፣ የባክቴሪያን ምልክት የሚቀበል ፕሮቲን የሚሠራ ዘረመል ነው።